ከጎን የሚገፋ ፓይል በዋልካ አፈር፦ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ከፍታዎች የአፈርን ምላሽ ሞዴል ስለማድረግ

በመሠረት ምሕንድስና ትምህርት ፓይል አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ቁልቁል የሚወርድ ሸክም ተሸካሚ ሆኖ ነው። የግንባታው ክብደት ከላይ ይጫነዋል፤ እርሱም ሸክሙን በጎኑ ሰበቃና በጫፉ አማካይነት ወደ ጥልቁ አፈር ያስተላልፋል። በድልድይ፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ማማ፣ በቴሌኮም ማማና በድጋፍ ግንብ ሥር ላለ ፓይል ግን ዲዛይኑን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ከጎን የሚመጣ ኃይል ነው፦ ነፋስ፣ የደራሽ ውኃ ግፊት፣ የተሽከርካሪ ፍሬን፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከዳገት የሚወርድ አፈር። ሁለቱ ጭነቶች የሚፈልጉት አፈርም አንድ አይደለም። ቁልቁል የተጫነ ፓይል ተስፋውን የሚጥለው በጥልቁ ንብርብር ላይ ሲሆን፣ ከጎን የተገፋ ፓይል ራሱን የሚያቆመው ከመሬት ወለል በታች ባሉት ጥቂት ሜትሮች ነው።

ይህ ልዩነት በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ላሉት ከፍታዎች የተለየ ትርጉም አለው። በዚህ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የማይቆየው የአፈር ክፍል በትክክል ያው የላይኛው ጥቂት ሜትር ነውና። ከቦረና ተነሥቶ በወረኢሉ በኩል እስከ ጃማ በሚዘረጋው አምባ ላይ ውኃ በሚተኛባቸው ሜዳዎች የሚገኘው ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ገበሬው ዋልካ የሚለው፣ በክረምት ጫማ ይዞ የሚያስቀር ጭቃ ነው፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት የሚከፍት ደረቅ ጓል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አጭር ነው። ለእንዲህ ያለ አፈር የምንጠቀምበት የጎን ምላሽ ሞዴል የየትኛውን ወቅት አፈር ይወክል?

ከችካል እስከ ሞላ

የጎን ጭነት የሚሸከም ፓይል ለአካባቢው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በቅሎ የምትታሰርበት ችካል ይኸው ነው። የባሕር ዛፍ የኤሌክትሪክ ምሰሶም ይኸው ነው፤ በዋልካ ሜዳ ላይ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ምሰሶዎችን ያየ ሰው የጉዳዩን ግማሽ ተረድቷል። ችካል መንቀል የፈለገ ሰው ቀጥታ ወደ ላይ አይስብም፤ ወዲያና ወዲህ ይወዘውዘዋል። በእያንዳንዱ ውዝወዛ አፈሩ ወደ ጎን ይገፋል፤ ችካሉ ሲመለስ ግን አፈሩ አብሮት አይመለስም። በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፤ ክፍተቱም ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች ጠባብ ነው። ምሁራኑ በእኩልታ የሚገልጹት የአፈር ድካምና የክፍተት መፈጠር በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ይህን ወደ ሒሳብ የመለወጡ ጉዞ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1867 ዊንክለር ባቀረበው ሐሳብ ነው። በእርሱ አመለካከት መሬት ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ሞላዎች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ ሞላ የሚሰጠው ተቃውሞ በራሱ ቦታ ከደረሰበት መጨመቅ ጋር ብቻ ይመጣጠናል። ሔቴኒ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የተቀመጠን ጨረር ዝርዝር መፍትሔ ሰጠ። ጨረሩን ወደ ላይ ብናቆመው ፓይል ይሆናል። ከዚህ መፍትሔ የሚወጣው እጅግ ጠቃሚ ነገር የባሕርይ ርዝመት የሚባለው መጠን ነው። የፓይሉ የመጉበጥ ግትርነት በአራት ተባዝቶ ለአፈሩ ግትርነት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር አራተኛ ዘር ማለት ነው። ፓይሉ ከዚህ ርዝመት ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ከረዘመ፣ የታችኛው ጫፉ ከላይ የሚሆነውን አያውቅም። ከዚያ በላይ ማስረዘም ለጎን ጭነት ምንም አይጨምርም።

የዊንክለር ሞላ ግን ምንጊዜም በአንድ ልክ የሚጨመቅ ቀጥተኛ ሞላ ነው፤ አፈር እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ግትር ነው፤ እየተገፋ ሲሄድ ይለሰልሳል፤ በመጨረሻ ከዚህ በላይ አልቋቋምም የሚልበት ጣሪያ ላይ ይደርሳል። ይህን ባሕርይ ለእያንዳንዱ ጥልቀት የሚገልጸው መስመር በሙያው ዘንድ የፒ–ዋይ ኩርባ ይባላል። «ፒ» በአንድ ሜትር የፓይል ርዝመት ላይ አፈሩ የሚሰጠው ተቃውሞ ነው፤ «ዋይ» ደግሞ ፓይሉ በዚያ ጥልቀት ከቦታው የራቀበት መጠን፣ ማለትም ዝንፈቱ ነው። ማክሌላንድና ፎክት እ.ኤ.አ. በ1958 ባስተዋወቁት በዚህ መንገድ ላይ ቆሞ ነው የዛሬው የዲዛይን ሶፍትዌር ሁሉ የሚሠራው። ተማሪው የአፈሩን ዓይነት ከዝርዝር ይመርጣል፣ ሁለት ሦስት ቁጥር ያስገባል፣ ፕሮግራሙም ኩርባውን ራሱ ይስላል። ምቾቱ ግልጽ ነው። አደጋውም እዚያው ነው።

ኩርባዎቹ የተወለዱበት አፈር

በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ኩርባዎች ከጥቂት ቦታዎች የመጡ ናቸው። የለስላሳ ሸክላው ኩርባ የማትሎክ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1970 የቀረበ ነው፤ መነሻው በቴክሳስ፣ በኦስቲን ሐይቅና በሳቢን ወንዝ አጠገብ በ324 ሚሊ ሜትር የብረት ቱቦ ፓይል ላይ የተደረገ ሙከራ ነው። የአሸዋው ኩርባ የሪስ፣ የኮክስና የኩፕ ሲሆን ከመስታንግ ደሴት የመጣ ነው፤ የፓይሉ ዲያሜትር 610 ሚሊ ሜትር ነበር። ከውኃ በታች ላለ ጠንካራ ሸክላ ማኖር በምትባል ቦታ የተደረገው ሙከራ መነሻ ሆነ። ውኃ ለማይደርስበት ጠንካራ ሸክላ ደግሞ ዌልችና ሪስ እ.ኤ.አ. በ1972 በሂውስተን ተቆፍሮ በተሞላ 762 ሚሊ ሜትር የኮንክሪት ፓይል ላይ የሠሩት አለ። የሙከራዎቹ ገፊ ምክንያት በአብዛኛው የባሕር ላይ የነዳጅ መድረኮች ፍላጎት ነበር፤ የአፈሩ ሁኔታም ከሞላ ጎደል ውኃ የጠገበና ከወቅት ወቅት የማይለዋወጥ ነው።

ይህን የምንጠቅሰው ሙከራዎቹን ለማናናቅ አይደለም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ያ መረጃ እስካሁን ተፎካካሪ ያጣበት ምክንያት ጥራቱ ነው። ችግሩ ያለው ኩርባውን ከትውልድ ቦታው አውጥቶ ያለ ጥያቄ ሌላ አፈር ላይ በመትከል ላይ ነው። አውሮፓውያን ይህንኑ ችግር በራሳቸው ቤት ገጥመውታል። ለባሕር ነፋስ ተርባይኖች የሚያገለግሉት ግዙፍ ነጠላ ፓይሎች ከቴክሳሱ ቀጭን ፓይል ጋር የማይመሳሰሉ በመሆናቸው፣ ፒሳ በተባለው ፕሮጀክት የኦክስፎርድ፣ የኢምፔሪያል ኮሌጅና የደብሊን ተመራማሪዎች በእንግሊዝ ካውደንና በፈረንሳይ ደንከርክ እስከ 2 ሜትር ዲያሜትር ባላቸው ፓይሎች ላይ አዲስ ሙከራ አደረጉ። ውጤታቸው ከጎን ሞላው በተጨማሪ በፓይሉ ገጽ ላይ የሚሰራጭ ሞመንትን፣ በጫፉ ላይ ያለውን የሸር ኃይልና በጫፉ ላይ ያለውን ሞመንት ያካተተ ሞዴል ነው። ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን የመቆፈሪያ ማሽን በማይደርስበት ቦታ በሰው እጅ የሚቆፈር፣ ሰፊና አጭር መሠረት ይሠራል፤ ርዝመቱ ከዲያሜትሩ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ብቻ የሆነ መሠረት አይጎብጥም፣ እንደ ጥርስ ይነቃነቃል። ለእርሱ የቀጭን ፓይል ኩርባ ብቻውን አይበቃም።

በጋ፣ በልግና ክረምት በአንድ ፓይል ላይ

የዋልካ ጠባይ የሚመነጨው ከማዕድኑ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የአምባው ባዛልት ሲበሰብስና ውኃ በማይወጣበት ሜዳ ላይ ሲከማች፣ ከስሜክታይት ወገን የሆነ ሸክላ ይሰጣል። ይህ ማዕድን በንጣፎቹ መካከል ውኃ ሲያስገባ ያብጣል፤ ውኃው ሲወጣ ይኮማተራል። መኮማተሩ በአቀባዊ ብቻ ቢሆን መሬቱ ዝቅ ባለ ነበር፤ በአግድምም ስለሚሆን ግን አፈሩ ይሰነጠቃል። ኮንክሪት ደግሞ አብሮ አይኮማተርም። ስለዚህ ፓይሉና አፈሩ የሚገናኙበት መስመር ንቃቃት ለመክፈት እጅግ ምቹ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ነው።

ይህ በቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የማስረጃ ያህል አንድ ፓይል እንውሰድ። ዲያሜትሩ 0.8 ሜትር፣ ኮንክሪቱ መሰንጠቁ ግምት ውስጥ ገብቶ የመጉበጥ ግትርነቱ 300 ሜጋ ኒውተን ሜትር ካሬ ይሁን። በ1 ሜትር ጥልቀት ያለው ዋልካ በክረምት መጨረሻ 30፣ በበጋ መጨረሻ 150 ኪሎ ፓስካል የሸር ጥንካሬ አለው እንበል። እነዚህ ለማስረዳት የተመረጡ እሴቶች እንጂ የአንድ የተወሰነ ጣቢያ መለኪያ አይደሉም። በማትሎክ ቀመር የአፈሩ ጣሪያ ተቃውሞ በክረምት በሜትር 93 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይሆናል። በዌልችና ሪስ ቀመር ደግሞ በበጋ 449 ይደርሳል። አንድ ፓይል፣ አንድ ጥልቀት፣ ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት።

እስከዚህ ድረስ ትምህርቱ ቀላል ይመስላል፦ ክረምቱ ክፉ ነው፣ በክረምቱ ዲዛይን አድርግ። አብዛኛው የዲዛይን ሰነድም ከዚህ አያልፍም። ነገር ግን ጣሪያውን ትተን በአገልግሎት ጊዜ የሚጠበቀውን ትንሽ ዝንፈት ብንመለከት ምስሉ ይገለበጣል። ፓይሉ በዚያ ጥልቀት 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢንቀሳቀስ፣ እርጥቡ አፈር የሚሰጠው ተቃውሞ በሜትር 29 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው። ደረቁ አፈር፣ ፓይሉን አጥብቆ ከያዘ፣ 225 ይሰጣል። ደረቁ አፈር ከፓይሉ 20 ሚሊ ሜትር ርቆ ከሆነ ግን የሚሰጠው ዜሮ ነው። ድንጋይ የሚያህል አፈር አጠገቡ ቆሞ ፓይሉ አይነካውም። በቀመሩ ውስጥ የገባው 150 ኪሎ ፓስካል ከላቦራቶሪ የመጣ እውነተኛ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው የተወሰደው ከጓሉ ውስጥ ነውና። ላቦራቶሪ የንቃቃቱን ናሙና አይወስድም።

የክፍተቱን ውጤት በፓይሉ ራስ ላይ ለማየት የሔቴኒን መፍትሔ በእጅ መሥራት ይበቃል። የአፈሩ ግትርነት በሜትር ካሬ 15 ሺህ ኪሎ ኒውተን ቢሆን የባሕርይ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ነው። ራሱ ነፃ በሆነ ፓይል ላይ፣ በመሬት ወለል ደረጃ 100 ኪሎ ኒውተን የጎን ኃይል ቢያርፍ፣ ራሱ 4.5 ሚሊ ሜትር ይዘነፋል፤ ትልቁ የመጉበጥ ሞመንት ደግሞ 96 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሲሆን ከወለል 2.3 ሜትር ያህል ወርዶ ይገኛል። አሁን የላይኛው 1.5 ሜትር በክፍተት ምክንያት ምንም እንደማይሰጥ ቁጠሩት። የራሱ ዝንፈት ወደ 11.6 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ ሞመንት ወደ 211 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይወጣል፤ ቦታውም ወደ 2.9 ሜትር ጥልቀት ይወርዳል። የክረምቱ ለስላሳ አፈር ያለ ክፍተት ሲቆም የሚሰጠው ውጤት በእነዚህ ሁለቱ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ ለትንሽና ለመካከለኛ ጭነት የከፋው ጊዜ ጭቃው የበዛበት ነሐሴ ላይሆን ይችላል፤ ንቃቃቱ ተከፍቶ የመጀመሪያው ዝናብ ገና ያልጣለበት ወቅት ሊሆን ይችላል። ለትልቅና ለተደጋጋሚ ጭነት ደግሞ ክፍተቱ ተዘግቶ ፓይሉ ደረቁን አፈር ያገኘዋልና ክረምቱ እንደገና የከፋ ይሆናል። ሁለቱን ሳይፈትሹ አንዱን መምረጥ አይቻልም።

ቀጥሎ የሚሆነውም ልብ ሊባል ይገባል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ውኃው በሜዳው ላይ ከመስረጉ በፊት በንቃቃቱ ይገባል። በፓይሉ ጎን የተከፈተው ክፍተት ውኃውን በቀጥታ እስከ ታች ያደርሰዋል፤ አፈሩ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከፓይሉ ገጽ ወደ ውጭ ይለሰልሳል። ከውኃው ጋር ትቢያና ገለባ ይገባል። አፈሩ ሲያብጥ ክፍተቱ በዚህ ባዕድ ነገር ስለተሞላ ፓይሉ ወደ ነበረበት አይመለስም። በሚቀጥለው በጋ ሌላ ክፍተት፣ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ሙሌት። ነፋስ ከአንድ አቅጣጫ በሚበዛበት ቦታ ያለ ምሰሶ ዓመት በዓመት ጥቂት በጥቂት የሚያዘነብልበትን መንገድ ይህ ሂደት በሚገባ ያስረዳል። በደቡብ ወሎ ከፍታዎች የበልግ ዝናብ በሚያገኙት ቦታዎች ይህ ዑደት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በልግ ንቃቃቱን በከፊል ይዘጋውና ግንቦት እንደገና ይከፍተዋል።

ሞዴሉን ለዚህ ማስተካከል አዲስ ንድፈ ሐሳብ አይጠይቅም። ቡላንጀርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ለመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ያቀረቡት ሞላ በውስጡ የክፍተት አካል አለው። አንዱ ክፍል ፓይሉ አፈሩን እስኪነካ ድረስ አይሠራም፤ ሌላው በጎንና በጎን ያለውን ሰበቃ ይወክላል። እነርሱ ክፍተቱን የፈጠሩት በፓይሉ ውዝወዛ ነው። እኛ የምንፈልገው ጭነቱ ከመጀመሩ በፊት የሚኖር፣ ከወቅቱ ጋር የሚሰፋና የሚጠብ የመነሻ ክፍተት ነው። በሶፍትዌሩ ውስጥ ይህን ማስገባት ማለት ኩርባውን በክፍተቱ ስፋት ወደ ቀኝ መግፋት ማለት ነው፤ ኩርባዎችን ተጠቃሚው ራሱ እንዲያስገባ የሚፈቅድ ፕሮግራም ሁሉ ይህን ይችላል። ፋይናይት ኤለመንትን የሚመርጥ ተመራማሪም በፓይሉና በአፈሩ መካከል የሚለያይ ገጽ ካላኖረ፣ ሞዴሉ ምንም ያህል ሦስት ገጽታ ቢኖረው፣ አፈሩን በሙጫ እንደ ተጣበቀ ይቆጥረዋል። በግሌ በማስተርስ ደረጃ ላለ ሥራ ቀላሉን ሞላ በሦስት የወቅት ኩርባ ደጋግሞ ማስላት፣ ሃያ መለኪያ የሚጠይቅ የአፈር ሞዴልን በግምት ሞልቶ ከማስኬድ የተሻለ ይመስለኛል።

የተደጋጋሚ ጭነት ጉዳይ እዚህ ላይ በአጭሩ ይነሣ። በዌልችና ሪስ አሠራር ከተደጋጋሚ ጭነት የሚመጣው ተጨማሪ ዝንፈት ጭነቱ ከጣሪያው ጋር ባለው ጥምርታ አራተኛ ኃይል ያድጋል። ጭነቱ የጣሪያው ሩብ ሲሆን ከ1,000 ዙር በኋላ በምሳሌአችን ፓይል ላይ የሚጨመረው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ሲሆን ግን 18 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጭነቱ በእጥፍ አደገ፣ ቅጣቱ በ16 እጥፍ። ነፋስ ለሚወዘውዘው ማማ የአፈሩን ጣሪያ አጋኖ መገመት የሚያስከትለው ስሕተት እንግዲህ ቀላል አይደለም፤ አጋኖ የሚያስገምተው ደግሞ በበጋ የተወሰደ ናሙና ነው። የአፈር ምርመራ በአገራችን መንገድ በሚደርቅበት ወቅት መካሄዱ የተለመደ ነው፤ የቁፋሮ መኪና በነሐሴ ዋልካ ላይ አይወጣምና።

አንድ ጥንቃቄ ግን መጨመር አለበት። ለስላሳውን አፈር መገመት ሁልጊዜ ወደ ደኅንነቱ ያዘነብላል የሚለው እምነት እውነት የሚሆነው ጭነቱ ኃይል ሲሆን ነው። ጭነቱ ዝንፈት ሲሆን፣ ለምሳሌ የድልድይ ወለል በቀን ሙቀትና በሌሊት ቅዝቃዜ ሲረዝምና ሲያጥር ከእርሱ ጋር የተሠራውን ፓይል የሚገፋው ከሆነ፣ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ራሱ በታሰረ ፓይል ላይ በተወሰነ ዝንፈት የሚፈጠረው ሞመንት ከአፈሩ ግትርነት ካሬ ዘር ጋር ያድጋል። አፈሩ አራት እጥፍ ሲጠነክር ሞመንቱ እጥፍ ይሆናል። የደጋው የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት ሰፊ የሚሆነው ደግሞ በበጋ፣ አፈሩ በደረቀበት ጊዜ ነው።

ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ

ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጉንደ ወይን የሚወስደው መንገድ ሜዳውን ትቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ አምባውም በሌላ በኩል በበሽሎ፣ በስተ ደቡብም በወንጭትና በጀማ ወንዞች ተቆራርጧል። እዚህ ጥያቄው ይለወጣል። በሸለቆው ግድግዳ ላይ ከባዛልቱ ሥር አሸዋ ድንጋይ፣ የጭቃ ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ያለበት ሸል በቅደም ተከተል ይገለጣሉ። ከላይ የተናደው ስብርባሪ በለስላሳዎቹ ንብርብሮች ላይ ተከምሮ ይተኛል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ ለረጅም ዓመታት በመሬት መንሸራተት የተፈተነው በዚሁ ዓይነት አቀማመጥ ላይ ነው።

በተዳፋት ላይ ያለ ፓይል ወደ ቁልቁለቱ ሲገፋ የሚጠብቀው የአፈር ክምር ከፊቱ ጎድሏል፤ ስለዚህ የላይኛው ክፍል ጣሪያ መቀነስ አለበት። ይህ በመመሪያዎች የታወቀ ነው። ከዚህ የከፋው ግን አፈሩ ራሱ ሲንቀሳቀስ የሚመጣው ነው። ፓይሉ ንቁ መሆኑ ያበቃና ተገፊ ይሆናል። ሞላው የሚለካው የፓይሉን ዝንፈት ሳይሆን አፈሩ ከፓይሉ በልጦ የሄደበትን መጠን ነው፤ ከመንሸራተቻው ገጽ በላይ ያለው አፈር ተቃዋሚ መሆኑ ቀርቶ ጭነት ይሆናል። በሶፍትዌር ውስጥ ሁለቱን ሁኔታ የሚለየው አንድ የግቤት ሰንጠረዥ ብቻ ነው። በሜዳው ላይ የተለመደውን አሠራር ይዞ ሸለቆው አፋፍ ላይ የደረሰ ንድፍ አውጪ፣ ሊገፋው የሚመጣውን አፈር እንደ ደጋፊ ይቆጥረዋል። ፓይሉ ከመንሸራተቻው ገጽ በታች ወደማይንቀሳቀሰው ዓለት በቂ ርዝመት ካልገባ፣ ጥንካሬው ሁሉ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይጓዛል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለቱን ጥያቄዎች ያገናኛቸዋል። ምዕራብ ደቡብ ወሎ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ራቅ ያለ ቢሆንም ከእርሱ የተገለለ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ ተነሥቶ ማጀቴን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በዚሁ ጠርዝ ላይ የደረሰ ነው። ሊመጣ የሚችል መንቀጥቀጥ ወቅት አይመርጥም፤ ስለዚህ የድልድይ ፓይል ፍተሻ በተዘጋውም በተከፈተውም ንቃቃት መሠራት አለበት።

በሁለት ወቅት የሚደረግ አንድ ሙከራ

በሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ስታንዳርድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1997 የ2015 እ.ኤ.አ. እትም፣ ከጎን ለሚጫን ፓይል የተለየ ንዑስ ምዕራፍ አለው። የፓይል ዝንፈት ሲሰላ የአፈሩ ግትርነት ከመበላሸቱ መጠን ጋር መለዋወጡ፣ የፓይሉ ግትርነት፣ የራሱ አስተሳሰር፣ የቡድን ውጤትና የተደጋጋሚ ጭነት ውጤት ግምት ውስጥ እንዲገቡ ይጠይቃል። ዝርዝሩ መልካም ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ወቅት በስሙ አልተጠራም፤ ሰነዱ መጀመሪያ የተጻፈባቸው አገሮች አብዛኛው አፈር ይህን አይጠይቅምና። ለእኛ ግን በብሔራዊ አባሪ አንድ አንቀጽ ሊገባው የሚገባ ጉዳይ ነው።

አንቀጹን ለመጻፍ መለኪያ ያስፈልጋል፤ መለኪያውም ከአቅም በላይ አይደለም። የቁልቁል ጭነት ሙከራ በመቶ ቶን የሚቆጠር ክብደት ወይም ብዙ መልሕቅ ይፈልጋል። የጎን ጭነት ሙከራ ግን ሁለት ፓይሎችን ጎን ለጎን ቆፍሮ በመካከላቸው አንድ የሃይድሮሊክ ክሪክ አግብቶ እርስ በርስ ማገፋፋት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፓይል ለሌላው ድጋፍ ስለሚሆን በአንድ ሙከራ ሁለት ውጤት ይገኛል። የጭነት መለኪያ፣ በነፃ ጨረር ላይ የታሰሩ የዝንፈት መለኪያዎችና በፓይሉ ውስጥ የሚወርድ የመዘንበል መለኪያ ካለ የፒ–ዋይ ኩርባውን ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል። በፓይሎቹ መካከል ያለው ርቀት አንዱ የሌላውን አፈር እንዳይረብሽ በቂ መሆን አለበት። የመዘንበል መለኪያው ሽቦ በጥንቃቄ መታሸግ ይኖርበታል፤ ክረምት የሚያበላሸው አፈሩን ብቻ አይደለም።

አዲስ የሚሆነው ሙከራውን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ማድረግ ነው፤ አንዱ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሌላው በነሐሴ መጨረሻ። አንድ ጊዜ የተገፋ ፓይል ክፍተቱን ይዞ ስለሚቆይ ለሁለተኛው ወቅት ሌላ ያልተነካ ጥንድ ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው አራት ፓይል። ዲያሜትራቸው 0.3 ሜትር፣ ርዝመታቸው 4 ሜትር ያህል ቢሆን በእጅ መሰርሰሪያ ይቆፈራሉ። ከጎናቸው በየወሩ የንቃቃቱ ስፋትና ጥልቀት በቀጭን ብረት ዘንግ ይለካል፤ በየ25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የእርጥበት ናሙና ይወሰዳል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ ዋልካው ካለበት አካባቢ በቅርብ ርቀት ላይ መሆኑ ለእንዲህ ያለ ሥራ ተመራማሪው ክረምቱን ሙሉ ከቦታው እንዳይርቅ ያስችላል፤ ከአዲስ አበባ በበጋ መጥቶ የሚመለስ ቡድን የማያገኘው ይህንኑ ነው። በቅድሚያ መለካት ያለበት በፓይሉ ዙሪያ የሚከፈተው ክፍተት እስከ ስንት ጥልቀት እንደሚወርድ ነው፤ ከላይ በተሰላው ምሳሌ ዝንፈቱን ከ4.5 ወደ 11.6 ሚሊ ሜትር የወሰደው ያ ጥልቀት ነውና።